ዩሱፍ ጉድጓዱን ለምን አላነሳውም?



ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ሁላችንም በምንናገራት፣ ለሁላችንም በተነገረችን አንዲት ቃል ላይ ነው፦ «እርሳው»።

የሞተበት ሰው ሲያለቅስ «በቃ እርሳው» እንላለን። ከአረብ ሀገር ተጎድታ የመጣች እህት ዝም ብላ ስትቀመጥ «ልጄ፣ አታስቢው፣ ያለፈ አልፏል» ትላታለች እናት። በልጅነቱ የተበደለ ወጣት አንድ ቀን ደፍሮ ቢናገር «አሁን ያንን ማንሳት ምን ያደርጋል?» ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉዎች አይደሉም። ብዙዎቹ የሚወዱን ናቸው። የሚወዱት ሰው ሲቃጠል ማየት ስለሚከብዳቸው ነው።

ግን ሌሊቱ አለ። ቤተሰቡ ሲተኛ፣ ስልኩ ሲጠፋ፣ «ረሳሁት» ያልነው ነገር ይመጣል። የአንድ ሰው ድምፅ፣ የአንድ ክፍል ሽታ፣ አንድ የስልክ ጥሪ። ያን ጊዜ አንድ ሙስሊም ወጣት ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንደኛ በትዝታው ይጎዳል። ሁለተኛ ደግሞ «ኢማኔ ደካማ ቢሆን ነው እንጂ ይህ ነገር አይመላለስብኝም ነበር» በሚለው ክስ ይጎዳል።

ታዲያ ጥያቄው ይህ ነው፦ የማንፈልገውን ትዝታ ማፈን ሰብር ነው ወይስ በሽታን መደበቅ? መልሱ አንድ ቃል አይደለም። ኢንሻአላህ ቀስ ብለን እንየው።

*ስለ ነጩ ድብ*

በ1987 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ዌግነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያደረገው ጥናት አለ። ተማሪዎችን አንድ በአንድ አስቀምጦ «ለአምስት ደቂቃ ያህል በአእምሯችሁ የሚመጣውን ሁሉ ተናገሩ። ስለ ነጭ ድብ ብቻ አታስቡ። ካሰባችሁ ደወሉን ምቱ» አላቸው። ነጭ ድብ የማንም ሕመም አይደለም። ማንም አልቅሶለት አያውቅም። ሆኖም ደወሉ ተደጋግሞ ተመታ። የሚገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። «አሁን እንደፈለጋችሁ አስቡ» ሲባሉ፣ በመጀመሪያ ሐሳቡን ሲያፍኑ የነበሩት ከመነሻው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ይልቅ አብዝተው አሰቡት።

ምክንያቱን ተመራማሪው እንዲህ አስረዳ። አንድን ነገር አለማሰቤን ለማረጋገጥ አእምሮዬ ያንን ነገር እየፈለገ መቆየት አለበት። በሩን እንዲዘጋ የተቀመጠው ዘበኛ «መጣ ወይስ አልመጣም?» እያለ በየደቂቃው በሩን ይከፍታል ማለት ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ዓይነት ሰዎችን ለይቶ አሳየ። «አትጨነቁም ወይ?» ሲባሉ «እኔ? በፍጹም» የሚሉ፣ በሰው ፊት ሁሌም ደህና መስለው መታየት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። አፋቸው «ደህና ነኝ» ይላል። የልብ ምታቸው፣ ላባቸውና የግንባራቸው ጡንቻ ሲለካ ግን የተጨነቀ ሰው ምልክት ተገኘ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ እንዲህ ያሉ ሰዎች በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያስጨንቃቸውን ሐሳብ በማፈን ጎበዞች መሆናቸውን፣ በሚቀጥሉት ሰባት ቀናት ግን ሐሳቡ ከሌሎች ሰዎች ይበልጥ እየተመለሰ እንዳስቸገራቸው አሳየ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ብናቆም «ማፈን ሁሉ መጥፎ ነው፣ ሁሉን ነገር ለሁሉ ሰው ተናገሩ» ብለን እንደመድም ነበር። ማኅበራዊ ሚዲያው በዚህ ምክር የተሞላ ነው። እውነቱ ግን ከዚህ ይሰፋል።

በ2001 እ.ኤ.አ. ማይክል አንደርሰንና ኮሊን ግሪን ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት ሰዎች ጥንድ ቃላትን ካጠኑ በኋላ፣ አንዱን ቃል እያዩ ጓደኛው ወደ ሐሳባቸው እንዳይገባ ደጋግመው እንዲከለክሉ አደረጉ። በኋላ ሲጠየቁ እነዚያን የተከለከሉ ቃላት ማስታወስ ቀነሰባቸው። ስለዚህ አእምሮ በሩን መዝጋት ፈጽሞ አይችልም ማለት አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው አንደርሰን የሚሠራበት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ16 አገሮች የሚኖሩ 120 ሰዎችን ስለ ወደፊት የሚያስፈራቸውን ሐሳብ እንዲከለክሉ ለሦስት ቀናት አሠለጠነ። ፍርሃታቸው ደበዘዘ፣ የአእምሮ ጤናቸውም ተሻሻለ።

ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎች ሥልጠናውን የጀመሩት ፍርሃታቸውን አንድ በአንድ ከዘረዘሩና ስም ከሰጡት በኋላ ነው። «ምንም የለብኝም» ብለው አልተነሡም። ያለውን «አለ» ብለው፣ ከዚያ «አሁን ግን አልከተልህም» አሉት።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው ወንድሞቼ። አንድን ነገር አውቆ ወደ ጎን ማስቀመጥና አንድን ነገር የለም ብሎ መካድ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ዝምታ ናቸው። ከውስጥ ግን አንዱ ዕረፍት ነው፣ ሌላው ጦርነት ነው።

*አንድ ቤት፣ ሦስት መንገድ*

አሁን ወደ ሱረቱ ዩሱፍ እንምጣ። አላህ (ሱ.ወ) ከታሪኮች ሁሉ ያማረ ብሎ በነገረን በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ቤተሰብ አለ። ቤተሰቡ አንድ ትዝታ አለው፦ ጉድጓድ ውስጥ የተጣለ ሕፃን። ይህን አንድ ትዝታ ግን በሦስት መንገድ ይዘውት እናያለን።

የመጀመሪያው የወንድሞቹ መንገድ ነው። ሸሚዙን የውሸት ደም ቀብተው መጡ፣ ታሪክ ፈጠሩ፣ ከዚያም ለብዙ ዓመታት ዝም አሉ። አባታቸው የዩሱፍን ስም ሲጠራ ግን አልቻሉም። በአላህ እየማሉ፣ ታመህ እስክትደክም ወይም እስክትጠፋ ድረስ ዩሱፍን ከማንሳት አታቆምም ብለው ወቀሱት። አስተውሉ፦ በዚያ ቤት ውስጥ «እርሳው» የሚሉት የበደሉት ሰዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የአንዱ ትዝታ የሌላውን ክዳን ስለሚያነቃንቅበት «ተው፣ አታንሳው» ይላል።

ሁለተኛው የአባታቸው የነቢዩላህ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) መንገድ ነው። እሳቸው ሐዘናቸውን በልጆቻቸው ላይ አላወረዱትም፣ ዋጥ አድርገው ያዙት። ነገር ግን የለም አላሉም። ዓይናቸው ከሐዘን ብዛት እስኪነጣ ድረስ አዝነዋል። ልጆቻቸው ሲወቅሷቸውም የመለሱት፣ ጭንቀቴንና ሐዘኔን የማሰማው ለአላህ ብቻ ነው የሚል ነበር። ይህ ነቢይ መጀመሪያ ቀን ላይ «ሰብሩን ጀሚል»፣ መልካም ትዕግሥት፣ ያሉት ያው ነቢይ ናቸው! እንግዲህ መልካም ትዕግሥት ማለት አለማልቀስ፣ አለማስታወስ፣ አለመናፈቅ ቢሆን ኖሮ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) በመጀመሪያው ዓመት በወደቁ ነበር። ሰብር ትዝታን መግደል አይደለም። ሰብር ትዝታውን ወደ ትክክለኛው በር ይዞ መሄድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ያን መልስ ከሰጡ በኋላ ወዲያው ልጆቻቸውን «ሂዱና ዩሱፍንና ወንድሙን ፈልጉ፣ ከአላህ እዝነት ተስፋ አትቁረጡ» ብለው ላኳቸው። ሐዘኑ እጃቸውን አላሰረም። አልቅሰውም ሥራ ያዝዛሉ።

ሦስተኛው የዩሱፍ (ዐ.ሰ) መንገድ ነው። ወንድሞቹ ሳያውቁት ፊቱ ቆመው፣ ወንድሙ ከዚህ በፊት ሰርቋል ብለው ሲዋሹበት ነገሩን በውስጡ ያዘ እንጂ አልገለጠላቸውም። ጊዜው አልነበረም። ጊዜው ሲደርስ ግን ጠየቃቸው፦ ባለማወቃችሁ ዘመን በዩሱፍና በወንድሙ ላይ ያደረጋችሁትን ታውቁታላችሁ? ነገሩ አንድ ጊዜ በስሙ ተጠራ። እነሱም ጥፋታቸውን አመኑ። ያኔ ነው ዛሬ በእናንተ ላይ ወቀሳ የለም ያላቸው።

ከዚያ በኋላ ወላጆቹ መጥተው፣ ሕልሙ ተፈጽሞ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት ዩሱፍ የአላህን ውለታ ሲቆጥር ምን አለ? ከእስር ቤት ስላወጣው አላህን አመሰገነ። ቤተሰቡን ከገጠር ስላመጣለት አመሰገነ። በእሱና በወንድሞቹ መካከል ያበላሸው ሸይጧን ነው አለ። ጉድጓዱን ግን አላነሳውም። የሕይወቱ የመጀመሪያ ቁስል ጉድጓዱ ነበር። እስር ቤቱን እያነሳ ጉድጓዱን ለምን ዘለለው? የተፍሲር ሊቃውንት ወንድሞቹን ይቅር ካላቸው በኋላ በአባታቸው ፊት ላለማሳፈር ነው ይላሉ።

ሱብሓነላህ! ወንድሞቹም ጉድጓዱን አያነሱም፣ ዩሱፍም ጉድጓዱን አያነሳም። ሁለቱም ዝምታ ነው። የወንድሞቹ ዝምታ ግን እውነቱ ከመነገሩ በፊት የመጣ ስለሆነ እስር ቤት ሆነባቸው። የዩሱፍ ዝምታ እውነቱ ከተነገረ፣ እንባው ለአላህ ከፈሰሰ፣ ይቅርታው ከተሰጠ በኋላ የመጣ ስለሆነ ልቅና ሆነለት።

ስለዚህ «ልርሳው ወይስ አልርሳው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ይህ ነገር አንድ ጊዜ እንኳ በስሙ ተጠርቷል?

*መርየምና ወሕሺ*

አንዳንዱ ሕመም ለማንም የሚነገርበት ጊዜው ገና አይደለም። መርየም (ዐ.ሰ) ምጥ ይዟት ከተምር ግንድ ሥር ብቻዋን ሳለች፣ ምነው ከዚህ በፊት ሞቼ ፈጽሞ የተረሳሁ በሆንኩ ብላ ተመኘች። ቁርኣን ይህን ምኞቷን አልደበቀውም። የመጣላት ምላሽ ደግሞ ተግሣጽ አልነበረም። «ኢማንሽ የት ሄደ?» አልተባለችም። አትዘኝ ተባለች፣ ከሥሯ የሚፈስ ውኃ ተሰጣት፣ የበሰለ ተምር ተሰጣት፣ ብዪ፣ ጠጪ፣ ተረጋጊ ተባለች። ሰው ብታይም ዛሬ ማንንም እንዳታናግሪ ተባለች። መጀመሪያ ውኃና ምግብ፣ ከዚያ ዝም የማለት ፈቃድ። ማብራሪያው የመጣው በኋላ ነው። አንቺ እህቴ፣ ገና መናገር ካልቻልሽ፣ የሚያስገድድሽ የለም።

አንዳንዱ ትዝታ ደግሞ ይቅር ከተባለም በኋላ ሲያዩት ያማል። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ሐምዛ (ረ.ዐ) በኡሑድ ዘመቻ ተገደሉ። የገደላቸው ወሕሺ ከዓመታት በኋላ ሰልሞ መጣ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እስልምናውን ተቀበሉት፣ ደሙን አልጠየቁም። ነገር ግን የሆነውን እንዲነግራቸው ካደረጉ በኋላ፣ ፊቱን ከእሳቸው ማራቅ ይችል እንደሆነ ጠየቁት። ቡኻሪ ዘግበውታል። ይቅርታ ማለት ቁስሉ እንደማያመን ማስመሰል አይደለም። ይቅር ብለህም የበደለህን ሰው ከማየት መራቅ ትችላለህ። በዚህ ኃጢአት የለብህም።

የተወደደ ትዝታን ደግሞ ማጥፋት አያስፈልግም። እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በግ ሲያርዱ ለኸዲጃ ወዳጆች ሥጋ ይልኩ ነበር። ናፍቆታቸውን ወደ መልካም ሥራ ለወጡት እንጂ «ረሳኋት» አላሉም። ልጃቸው ኢብራሂም በእቅፋቸው ሲያርፍም ዓይናቸው አነባ። ባልደረባቸው ተገርመው «እርስዎም?» ሲሉ፣ እንባው እዝነት መሆኑን ነገሯቸው። ጌታቸውን ከሚያስቆጣ ቃል ግን ምላሳቸውን ጠበቁ።

*«አልሐምዱሊላህ» ክዳን ሲሆን*

ከ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የተመለሱ አሉ። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ የሄዱ እህቶቻችን በየቤታችን ናቸው። በየመን በኩል በባሕር የተሻገሩ ወንድሞቻችን አብረውን ይሰግዳሉ። ከጦርነቱ ዓመታት የተረፉም አሉ። «እንዴት ነሽ?» ስንላቸው «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ።

«አልሐምዱሊላህ» ታላቅ ቃል ነው። በመከራ ውስጥ ሆኖ ከልቡ የሚላት ሰው ደረጃው ከፍ ያለ ነው። ግን አንዳንዴ እኛ ሰሚዎቹ ከሌላ መልስ የምንሸሽ ስለሆንን፣ ቃሏን ክዳን አድርገናታል። እህታችን የላከችው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ይጠየቃል። ሌሊት ለምን እንደማትተኛ የሚጠይቅ የለም። ሆድ ይፍጀው ትላለች። ሆድም ይፈጃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት አባቶቻችን ያለ ምክንያት አይደለም።

*ታዲያ ምን እናድርግ?*

1. መጀመሪያ ለአላህ በስሙ ንገሩት። ባሪያ ለጌታው እጅግ የሚቀርበው በሱጁድ ነው። እዚያ ላይ በደፈናው «ያ ረብ፣ አስተካክልልኝ» ብቻ አትበሉ። የሆነውን በገዛ ቋንቋችሁ ንገሩት። እሱ ያውቀዋል። የምትናገሩት እሱ እንዲያውቅ ሳይሆን እናንተ ብቻችሁን እንዳትሸከሙት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ መጠበቅን ያበዙ እንደነበር አገልጋያቸው አነስ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ይህን ዱዓ ሐፍዙት።

2. ለአንድ ታማኝ ሰው ንገሩ። ለመቶ ሰው አይደለም፣ ለአንድ ሰው ነው። ምስጢር ጠባቂ የሆነች አክስት፣ አስተዋይ ኡስታዝ፣ የተፈተነ ጓደኛ። ማኅበራዊ ሚዲያ ታማኝ ሰው አይደለም። ዛሬ ያለቀሰላችሁ ነገ ይቀባበላችኋል።

3. መናገር ካቃታችሁ ጻፉት። ጄምስ ፔኒቤከር የሚባል ተመራማሪ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ተማሪዎች ለተከታታይ አራት ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ስለ ከባድ ገጠመኛቸውና ስለ ስሜታቸው እንዲጽፉ አደረገ። ጽፈው ሲጨርሱ ለጊዜው ከፍቷቸው ነበር። በሚቀጥሉት ወራት ግን ወደ ጤና ጣቢያ መመላለሳቸው ቀነሰ። ጽፋችሁ ቅደዱት፣ አቃጥሉት። ማንም ማንበብ የለበትም። ግን መጻፉ ከአቅማችሁ በላይ ካናወጣችሁ አቁሙ፣ ለዚያ ሰው ያስፈልጋችኋል።

4. ከዚህ በኋላ ወደ ጎን ማስቀመጥ ተማሩ። የተነገረ፣ የተለቀሰ፣ ዱዓ የተደረገበት ትዝታ በሥራ ሰዓት ሲመጣ «አውቅሃለሁ፣ አሁን ግን ጊዜህ አይደለም» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ይህ ክህደት አይደለም። የሸይጧን ወስወሳ ሲመጣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን በአላህ መጠበቅንና ማቆምን ነው፣ መከራከርን አይደለም። «እንዲህ ባደርግ ኖሮ፣ ባልሄድ ኖሮ» የምትለዋን ቃል ደግሞ የሸይጧን ሥራ መክፈቻ ብለዋታል። ከትዝታችሁ መካከል «ኖሮ» በምትለው የሚያልቀውን ለይታችሁ አታስገቡት።

5. ለክፉ ቀን የሚሆን ሐሳብ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖሩት ሙስሊም ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፉት መጽሐፍ፣ ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ለነፍሱም የሚያረጋጋ ሐሳብ በደህናው ቀን እንዲያስቀምጥ መክረዋል። አንድ አያ፣ አንድ ዱዓ፣ አላህ ያወጣችሁ የአንድ ችግር ትዝታ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ላይ ከመፈለግ ቀን ላይ ማስቀመጥ ይሻላል።

6. አካላችሁን አትርሱ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከዘመዶቿ ሰው ሲሞት፣ ለቀስተኛው ተበትኖ ቤተሰቡና የቅርብ ሰው ብቻ ሲቀር፣ ተልቢና ታሠራ ነበር። ያዘነን ልብ እንደሚያሳርፍ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰምታለችና። ተልቢና ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ነው፣ የእኛን አጥሚት ይመስላል። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ትኩስ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው ሁኑ።

7. ሐኪም ማየት ተወኩልን አያፈርስም። ትዝታው ከወር በላይ በቅዠት የሚያስነሳችሁ፣ ከሥራና ከትምህርት የሚያስቀራችሁ፣ በትንሽ ድምፅ የሚያስደነግጣችሁ ከሆነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ በየክልሉም የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ። ሩቃም፣ ሕክምናም አብረው ይሄዳሉ። አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ የለም፣ ታከሙ ተብለናል። ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። ብቻችሁን አትደሩ።

*ሁለት ጥንቃቄዎች*

አንደኛ፦ የሚያሳድደን ትዝታ የገዛ ኃጢአታችን ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። አላህ የሸፈነውን ለሰው መዘርዘር አይፈለግብንም። ኃጢአቱን በአደባባይ የሚያወራን ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀውታል። እዚህ ላይ በስሙ መጥራት ማለት በጌታችን ፊት ተውባ ማድረግ ነው። የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ሐቁን መመለስ ነው። ከተውባ በኋላ ትዝታው ቢመጣ «አስተግፊሩላህ» በሉና እለፉ። ተውባ ያደረገን ሰው ባለፈው ጥፋቱ እያስታወሰ ተስፋ የሚያስቆርጠው ሸይጧን ነው።

ሁለተኛ፦ በደሉ ያላለፈ ከሆነ፣ አሁንም ሌላ ልጅ ወይም ሌላ እህት እየተጎዳች ከሆነ፣ ዝምታው ሰብር አይደለም። አላህ በሱረቱ ኒሳእ ክፉን ነገር ጮክ ብሎ መናገርን እንደማይወድ ነግሮን፣ የተበደለን ሰው ግን ለይቶ አውጥቶታል። የተበደለ ሰው እንዲናገር የፈቀደውን ጌታ እየተገዛን የተበደለን ሰው አፍ መዝጋት እንዴት ይሆናል? «የቤተሰብ ክብር» እያልን የምንሸፍነው ሸሚዝ የውሸት ደም ያለበት ሸሚዝ እንዳይሆን እንፍራ።

*ለሰሚዎች*

ሰው ነገር አውርቶ ዞር ዞር ብሎ ካየ፣ ያ ነገር አማና ነው ብለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። «ለማንም እንዳትናገር» እስኪል አትጠብቁ። ዝርዝሩን አትቆፍሩ። ከእሱ የባሰ ታሪክ አትንገሩት። ሳትሰሙ «ጂን ነው» አትበሉ። «እርሳው» ከማለታችሁ በፊት «አለሁ» በሉ።

በሐሰት የተወነጀለች ጊዜ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ቀንና ሌሊት አለቀሰች። በመጨረሻ የያዕቆብን ቃል ልትጠቅስ ፈልጋ ከሐዘኗ ብዛት ስማቸው ጠፋባት፣ «የዩሱፍ አባት እንዳለው» አለች። ስም የሚያስረሳ ሐዘን ነበር። በዚያ ቀን ብዙ ሰው ብዙ ተናግሯል። እሷ በኋላ ስትተርክ ያልረሳቻት ግን አንዲት የአንሷር ሴት አለች፦ አስፈቅዳ ገብታ፣ ምንም ሳትል፣ አብራት ተቀምጣ ያለቀሰች ሴት። ስሟን አልነገረችንም። ሥራዋ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

በዚህ ጁሙዓ ሱረቱል ካህፍን አንብቡ፣ ሰለዋት አብዙ። ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት ሰዓት ስትደርስ ደግሞ ያንን ለማንም ያልነገራችሁትን ነገር በስሙ ጥሩና ለአላህ ስጡት። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» እያለ ሌሊት የማይተኛ የምታውቁት ሰው ካለ፣ ዛሬ ሂዱና አብራችሁት ተቀመጡ።

ያ አላህ! የያዕቆብን ዓይን የመለስክ ጌታ፣ ዩሱፍን ከጉድጓድና ከእስር ያወጣህ ጌታ፣ በሌሊት የሚነቁትን ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ልባቸውን አሳርፍላቸው። መናገር ላቃታቸው ሰሚ ስጣቸው። እኛንም አማና የምንጠብቅ ሰሚዎች አድርገን። ልናስታውሰው የሚገባንን አታስረሳን፣ መሸከም የማንችለውን አታሸክመን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።